ሱሱን ተወ፤ ከዚያስ የት ይደር?

ሰሞኑን «ከልቡ የቆረጠ ይተዋል» የሚል ጽሑፍ በድሬ ልጆች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ድሬዳዋ ጎዳና ላይ ስላሉ፣ በመጠጥ፣ በጫትና በማስቲሽ ስለተያዙ ሰዎች የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በዕድሜ የበሰሉ፣ በከተማው ነጋዴዎች ዘንድ የሚደመጡ ሰው እንደሆኑ ከጽሑፋቸው ይታወቃል። ከተማቸውንም ይወዳሉ። ንዴታቸው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ሱስ የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ቆርጦ የተነሳ ሰው ይተዋል። የዚህ ሁሉ ምንጭ ጫት ነው። ምጽዋት ሱሱን ስለሚመግብ ሕዝቡ እጁን ይሰብስብ። ከሌላ ቦታ የመጡት ወደ መጡበት ይሂዱ። የቀሩት ታፍሰው ከከተማ ራቅ ብሎ ካምፕ ይግቡ። አንዴ ታግዞ መልሶ የወደቀ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል አይገባውም።

እኔ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ታናሽ ወንድሜ ለዓመታት ጎዳና ላይ ኖሯል። ዛሬ ሳቢያን ውስጥ ብየዳ ቤት ይሠራል፤ በራሱ ክፍል ያድራል። ታሪኩን የማነሳው እሱ «ጻፊው» ስላለኝ ነው። ከእሱ ወዲህ ጥቂት የሰፈር ሰዎች ሆነን ሌሎችንም ለማገዝ እንሞክራለን። ስለዚህ ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከዋናው ልጀምር። «ከልቡ የቆረጠ ይተዋል» ይላሉ። ማስረጃቸው አንድ ጎረቤታቸው ናቸው። ሰውየው አንድ ቀን ጠርሙሱን ግቢያቸው ድንጋይ ላይ ሰበሩት፤ ሚስታቸው ቁርስ አቀረቡላቸው፤ ከዚያ ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመሱም። ይህን አምናለሁ። እንዲህ ያሉ ሰዎችን እኔም አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ግን ጸሐፊው ራሳቸው የጻፉትን እስቲ መልሰን እንየው። ግቢ አለ። ሚስት አለች። ቁርስ አለ። ሱቅ አለ። ጎዳና ላይ ያለው ልጅ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ጠርሙሱን ቢሰብር እንኳ በዚያች ሰዓት የሚሄድበት ቦታ የለም። ማታም የሚተኛው ትናንት የጠጣበት ቦታ ነው፤ ትናንት አብረውት ከጠጡት ጋር።

ወንድሜ ጎዳና ላይ ሳለ በየጠዋቱ ይቆርጥ ነበር። ይህን ሁላችንም አይተናል። ጠዋት ለገሃሬ አካባቢ ሳገኘው ዓይኔን እያየ «ዛሬ አልነካም» ይለኝ ነበር። አይዋሽም። ማታ ሲመጣ ግን መሬቱ አለ፣ ፍርሃቱ አለ፣ ዱላው አለ። ጎዳና ላይ አረቄ የሚጠጣው ለጨዋታ አይደለም። እንቅልፍ እንዲወስድ ነው። ልጆቹ ማስቲሽ የሚስቡት ረሃቡን ስለሚያስረሳቸው ነው። ሰውየው ያንን ነገር ሲተው፣ ያ ነገር ይሠራለት የነበረውን ሥራ ማን ይሥራለት? ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አይጠይቅም።

እዚሁ ነጥብ ውስጥ ግን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ክፍል ውስጥ ቆልፎ ሦስት ቀን ቢጮህ ቢጮህ ይወጣለታል» ይላል። ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል እለምናለሁ።

ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ይደነግጣል። አንጎል መጠጡ ሲያደነዝዘው ስለኖረ ራሱን ለማንቃት ሲታገል ቆይቷል። መጠጡ ድንገት ሲነሳ ያ ትግል ልጓም ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይደልቃል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት አለ። ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ጸሐፊው «ቆልፉበት» ያሉት ያንኑ ጊዜ ነው። ሁሉም ጠጪ እዚህ ይደርሳል ማለት አይደለም። ግን የትኛው እንደሚደርስ ከበሩ ውጭ ቆሞ ማወቅ አይቻልም።

ሐኪም ጋ ግን አሠራሩ የታወቀ ነው። እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ ይሰጣል፤ መጠኑ ቀን በቀን እየተቀነሰ ይቆማል። ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል። ብዙ ጠጥቶ ጥቂት የበላ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፤ ሳይተካለት ከቀረ አንጎሉ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። እነዚህ ብርቅ መድኃኒቶች አይደሉም። ድል ጮራ ሆስፒታልም፣ ሐረር ያለው ሕይወት ፋናም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እኛን ያስቸገረን መድኃኒቱ ሆኖ አያውቅም። ያስቸገረን አስታማሚ ነው። ያስቸገረን የነፃ ሕክምና ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚጽፈው ቀበሌ ነው፤ ቀበሌ ደግሞ መታወቂያ ይጠይቃል። መታወቂያ ግን ጎዳና ላይ ካደሩ በኋላ መጀመሪያ ከሚጠፉት ነገሮች አንዱ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

«የሁሉም ምንጭ ጫት ነው» ለሚለው፣ በከፊል እስማማለሁ። በከፊል ብቻ።

እኛ የምንኖረው ትልቁ የጫት ገበያ ያለበት አወዳይ አጠገብ ነው። ጫት ከተቀነጠሰ በኋላ ኃይሉ ብዙ አይቆይም። ካቲኖን የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገር በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ስለሚዳከም ነው መኪኖቹ እንደዚያ የሚከንፉት። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ገበያም ለዚሁ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው በዚህ ነው። ድሬ ውስጥ ከምሳ በኋላ በርጫ የሚቀመጠው ሰው አብዛኛው ማታ ቤቱ ይገባል፤ ጠዋት ሥራው ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2006 ጫትን መርምሮ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ አላለም። ይህ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። አብዝቶ የሚቅም ሰው አእምሮው ሊታወክ ይችላል። ጀዝቦ የቀረ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ልናስተባብለው አንችልም።

ወንድሜን ወደ ጎዳና የወሰደው መንገድ ግን በእንቅልፍ በኩል ነው ያለፈው። ምርቃናው አላስተኛ ሲለው ጨብሲ ጀመረ። መጀመሪያ ቢራ ነበር። ከዚያ ቢራው ከኪሱ በላይ ሆነና አረቄ ተካው። ጠዋት ሐራራው ይነሳል፤ በኢጃባና፣ ማለትም በጠዋት ጫት፣ ይከፍተዋል፤ ማታ ደግሞ በአረቄ ይዘጋዋል። ሥራ ያስለቀቀው አረቄው ነው፤ ሱቅ ጠባቂ ሆኖ ሰክሮ ተገኘ። ቤት ያስለቀቀው ደግሞ ጠቡ ነው። እና ዛሬ ጫት በአዋጅ ቢከለከል አረቄው እዚያው ይቀመጣል። ጸሐፊው ስለ መጠጥ ቤቶች አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋቸው ገርሞኛል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። እስቲ ከዚያ እንጀምር። ሕጉ አለ፤ ሠራዊትም ካምፕም አይፈልግም።

ስለ ምጽዋቱ። ጸሐፊው ሳንቲም የሰጠ ሰው አረቄ እንደገዛለት ይቁጠረው ይላሉ። ሳንቲሙን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም፤ የወንድሜ ሳንቲም የት እንደገባ አውቃለሁ። ግን ምግብንም ጨምረዋል። «ትርፍራፊም ቢሆን አትስጡ፤ ሲርበው ይነቃል» ብለዋል። አቦ፣ ይሄ የድሬ ቋንቋ አይደለም። የተራበ ሰው አይነቃም። ማስቲሹን ይጨምራል። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት መጋላ ውስጥ ማንነቱ ሳይጠየቅ ተቀምጦ የሚበላውን ሰው ጸሐፊውም አይተዋል። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ድኻው ብቻ ሳይሆን ዕዳ የተጫነውና መንገድ ላይ የቀረውም አለ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሰጠውም ቢሆን «ለምን ወደቅክ» ተብሎ አይሰጥም።

የተሻለ አሰጣጥ ግን አለ፤ እዚህ ላይ ጽሑፉ አንድ እውነት ይዟል። ሳንቲሙ በሌላ መንገድ ቢሰጥ የበለጠ ይሠራል። ለሻወር ቤት ክፈሉለት። ለመታወቂያ ፎቶ ክፈሉለት። የሐኪም ቤት ካርድ አውጡለት። ወንድሜን ከሁላችንም በፊት ያገዘችው ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ አካባቢ ቡና የምትሸጥ ሴት ናት። ውኃ በጀሪካን እንዲያመላልስላት ታደርገው ነበር። ክፍያው ፍርፍርና ቡና ነው። ሌላ ቦታ ተሸክሞ ብር ሲያገኝም እሷ ጋ ያስቀምጥ ጀመር። እጁ ላይ ያለ ብር እስከ ማታ እንደማይቆይ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ሲጠይቃት «ለምን?» ትለዋለች። ለጫማ ከሆነ ትሰጠዋለች። ለሌላ ከሆነ «ነገ ና» ትለዋለች። ይህቺ ሴት ምጽዋት ሰጠች እንበል? ጸሐፊው ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም። እኔ ግን ወንድሜ ከጎዳና መነሳት የጀመረው እዚያ ጀበና አጠገብ ነው እላለሁ።

«ወደ መጡበት ይመለሱ» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ገና መቆርቆሯ ነበር። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሁሉም ለእንጀራ ተሰባስቦ ነው ከተማ ያደረጋት። «መጤ» የሚለው ቃል እዚህ ማን ላይ እንደሚያርፍ አላውቅም። ጎዳና ላይ ካሉት ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ ወንድሜም ጭምር። ሌሎቹ ደግሞ ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም በባሕር ወደ የመንና ሳዑዲ ሊሄዱ ወጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው። ለደላላ የተከፈለው ብር የቤተሰብ በሬ ወይም መሬት ተሸጦ የተገኘ ነው። ባዶ እጁን ተመልሶ የእናቱን ዓይን ማየት ያቃተው ልጅ በመኪና ጭነው ቢወስዱት በሳምንቱ ሌላ ከተማ ጎዳና ላይ ይገኛል። መመለስ የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ ለቤተሰቡ ይደወል። ከተስማሙ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። እንዲህ ሆኖ የተሳካላቸው አሉ።

አሁን ወደ ካምፑ። እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ጽሑፉን አንብቦ «ልክ ነው» ያለው ሰው ሁሉ ያነሳልኝ ይህንን ነጥብ ነውና።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ጭንቀት አልክደውም። ማታ ከዚራ ዛፎች ሥር የምታልፍ ልጅ ስትፈራ አይቻለሁ። ስልክ የተነጠቀ ተማሪ አለኝ። ሰው በሰላም የመግባት መብት አለው። ጥያቄው አፈሳ ይህን ያመጣል ወይ ነው።

አፈሳ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ከ1996 ጀምሮ አለ። የጎዳና ሰዎችን ማንሳትም በየከተማው ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። እስካሁን ውጤት ቢያመጣ ኖሮ ጽሑፉም ባልተጻፈ። ወንድሜ እንደሚነግረኝ አፈሳ አለ ሲባል መጀመሪያ የሚደረገው መብራት ካለበት መሸሽ ነው። ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ዘበኛ ባለበት ያድር የነበረው ሰው ወደ ደቻቱ ይወርዳል። ደቻቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻ ወንዝ ይሆናል። በ1998 ክረምት የሆነውን የረሳ የድሬ ሰው የለም። ሌሊት ደራሽ ውኃ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ሰውን ከብርሃን ወደ ወንዝ የሚያባርር ሥራ ለማንም ሰላም አያመጣም።

ጽሑፉ የረሳው ሌላም አለ። ሁሉም ነገር በወንድ ነው የተጻፈው። ጎዳና ላይ ሴቶችም አሉ። ልጅ ያዘሉ አሉ። ለእነሱ ሌሊቱ ምን እንደሆነ ዘርዝሬ አልጽፍም። አንዳንዷ የምትጠጣው ያንን ሌሊት ለመቻል ነው። ታፍሰው አንድ ግቢ ይግቡ ሲባል እነሱ የት፣ ከማን ጋር ይግቡ? ጸሐፊው ሴት ልጆች እንዳሏቸው ጽፈዋል፤ እንደ አባት እንዲያስቡት እጠይቃለሁ።

እሺ፣ ካምፑ ተሠራ እንበል። ጥሩ ካምፕ ይሁን። ምግብ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ሥልጠና አለ። ልጁ ስድስት ወር ቆየ፤ ሱሱም ለቀቀው። ሰርተፊኬቱን ይዞ አንድ ቀን ድሬ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወረደ። የዚያን ቀን ማታ የት ይደር?

እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ከቬትናም የሚመለሱ ወታደሮቿ ነገር አሳስቧት ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ተከታትላ አጠናቻቸው። ቬትናም ሳሉ ከአምስቱ አንዱ ያህል የሄሮይን ሱሰኛ ነበር። በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ከእነዚያ ሱሰኞች መካከል ዳግም በሱስ የተያዙት ግን ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህን ጸሐፊው ቢሰሙ «ይኸው፣ ከቦታው ማራቅ ይሠራል» ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ነው፤ ሱሱ ከተያዘበት ቦታ መራቅ ይረዳል። ግን እነዚያ ሰዎች የሄዱት ወደ ካምፕ አይደለም። ከጦር ሜዳ ወደ ቤታቸው ነው። ወደ እናታቸው፣ ወደ ሥራቸው፣ በስማቸው ወደሚጠራቸው ሰፈር። የእኛ ልጅ ግን ከካምፕ ወጥቶ የሚመለሰው ሱሱ ወደተያዘበት በረንዳ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ።

ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ሳም ሰምቤሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሌላ መንገድ ጀመረ። «መጀመሪያ ሱስህን ተው፣ ከዚያ ቤት እንሰጥሃለን» የሚለውን ገለበጠው። መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ሕክምና። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ቤት ካገኙት ከመቶ 88 ያህሉ ቤታቸውን እንደያዙ ቆዩ። በአሮጌው መንገድ ካለፉት የቆዩት ግን 47 ናቸው። ፊንላንድም ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በዚህ መንገድ ሄዳ የጎዳና ሰዎቿን ቁጥር በብዙ ቀንሳለች።

የፊንላንድ ብር የለንም። አውቃለሁ። እኔ የምለው ስለ አፓርትማ አይደለም። ገንደ ቆሬ ውስጥ ስላለች አንዲት ክፍል ነው፤ በሯ ቁልፍ ስላላት። ያችን ክፍል ለማግኘት ምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ፤ እኛ ያየነው ይህንን ነውና።

መታወቂያ። ወንድሜ የድሬ ልጅ ሆኖ ሳለ ድሬዳዊ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አልነበረውም። ቀበሌ ስንሄድ የጠፋበትን ማስረጃ ከፖሊስ አምጡ ተባልን። ከዚያ የድሮው ማኅደር ይፈለግ። ከዚያ የሚያውቁት የሰፈር ሽማግሌዎች ይምጡ። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው፤ ሠራተኞቹን አልወቅስም። ግን ይህን ሁሉ ደጅ መጥናት የሚችል ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይደለም። አብሮት የሚሄድ ይፈልጋል። መታወቂያ ሳይኖር ደግሞ ሲም ካርድ የለም፣ የባንክ ደብተር የለም፣ ኪራይ የለም።

ቤት አከራይ። «ምን ይሠራ ነበር?» ይላሉ። እውነቱን ስንናገር «ክፍሉ ተይዟል» ይባላል። በመጨረሻ አንዲት እማማ አከራዩን። በወር ሳይሆን በሳምንት እንድንከፍል ተስማሙ፤ ይህም ለእኛ ቀለለን። አንድ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት መግባት። ወንድሜ እስከ ዛሬ ያከብረዋል። የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው የሚለው።

ከዚያ ዋስ። ለዘበኝነትም፣ ለፋብሪካም፣ ለባጃጅም ዋስ ይጠየቃል። ደሞዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው። ሁሉም ዘመዱ የሸሸው ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ለወንድሜ እኔ ፈረምኩ። እኔ ባልኖር ኖሮ ሱሱን ትቶ፣ መታወቂያ አውጥቶ፣ ሙያ ለምዶ አሁንም ሥራ አጥ ይሆን ነበር።

ሌላም አለ፤ ይህ የእኛ ከተማ ነገር ስለሆነ ውጭ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። ድሬ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ትዘጋለች። ሙቀቱ ሰውን ወደ ቤት ያስገባል። ሱቁ ይዘጋል፤ በርጫው ይጀመራል። እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከተማው ሁሉ የሚቅም ይመስላል። ለተወው ሰው የቀኑ ከባድ ሰዓት ይህ ነው። ሌሊቱ እንኳ ከዚህ ይሻላል ይላል ወንድሜ። የት ይሂድ? የሚያውቃቸው ሰዎች በሙሉ በዚያ ሰዓት ፍራሽ ላይ ናቸው። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ይህን ገባቸውና በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር ብረት መለየትና መቁረጫ መሞረድ ሰጡት። ሥራው ትንሽ ነው፤ ሰዓቱን ግን ይሞላል። የከተማው እድሮች፣ እንደ እድር ያሉት አፎቻዎች፣ የስፖርት ማዘውተሪያዎች ለዚህች አራት ሰዓት የሚሆን ጥላና ሥራ ቢያዘጋጁ ከካምፑ በጣም ባነሰ ገንዘብ ይሠራል።

የመጨረሻው ነጥብ «ሁለተኛ ዕድል አይገባውም» የሚለው ነው። ጸሐፊው ረድተውት መልሶ የወደቀ አንድ ልጅ እንዳለ ጽፈዋል። ሐዘናቸው ከመስመሮቹ ይታያል። ያንን ሐዘን አውቀዋለሁ።

ግን ማገርሸት የሱስ ባሕርይ ነው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሕክምና ካገኙት መካከል ከመቶ 40 እስከ 60 የሚሆኑት ያገረሽባቸዋል። የደም ግፊት ሕመምተኞችም መድኃኒታቸውን በማቋረጥ ከዚህ ባልተናነሰ መጠን ይታመማሉ። የግፊት መድኃኒቱን አቋርጦ የወደቀን ሰው ግን «ሁለተኛ አትምጣ» የሚል ሐኪም የለም።

ወንድሜ ያገረሸበት የመጀመሪያውን ሙሉ የወር ደሞዝ በእጁ በያዘ ሰሞን ነው። ጠፋ። ለገሃሬ ነበር። አሠሪው ጋ ስሄድ «ሲመለስ ይምጣ» አሉኝ። እማማም የሳምንቱን ኪራይ ስለተቀበሉ ክፍሉን አልሰጡበትም። ተመልሶ ሲመጣ ቁልፉም ሥራውም ቦታቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደሞዙ በየሳምንቱ ሆነ፤ ከፊሉ በቀጥታ ወደ ባንክ ይገባል። ከዚያ በፊት የወደቀበት ዓመታት ፈጅቷል። ይህኛው ውድቀት ግን ወር አልሞላም። ልዩነቱን ያመጣው የፈቃዱ ጥንካሬ አልነበረም፤ ልጁ ያው ልጅ ነው። በሩ አለመዘጋቱ ነው። ጸሐፊው የረዱትም ልጅ ሲወድቅ በሩ ተዘግቶበት ከሆነ፣ ውድቀቱ ለምን እንደረዘመ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ለጸሐፊው በቀጥታ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከምናግዛቸው ልጆች አንዱ መታወቂያውን አውጥቷል። መጠጡን ትቷል፤ ሕክምናውንም ይከታተላል። ዳቦ ቤት ሊቀጥረው ተስማምቷል። የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ቀን ይተኛል፤ የበርጫው ሰዓት በእንቅልፍ ያልፍለታል። የጎደለው ዋስ ነው። እኔ በወንድሜ ስም ስለፈረምኩ መሥሪያ ቤቴ ሁለተኛ ደብዳቤ አይጽፍልኝም። እርስዎ ንግድ ፈቃድ አለዎት፤ ዳቦ ቤቱም ያውቅዎታል። ልጁን መጀመሪያ ያነጋግሩት፤ ጊዜ ይውሰዱ፤ የፈለጉትን ይጠይቁት። ካመኑበት ይፈርሙለት።